ከጠመንጃዬ አፈሙዝ የወጣው ቢራቢሮ

አቃቂ የብረት መጋዘን ጥበቃ ነኝ። አንድያ ልጄን ቀብሬ ሥራ በገባሁ በሳምንቱ አለቃዬ ጋሽ ተሰማ፣ «ዛሬ ጠመንጃህ ላይ መብራት ካላሰርክ በሩን ለሌላ ሰው እሰጣለሁ» አሉኝ።

ከሳሪስ የገዛሁት ባትሪ ለአፈሙዙ ከበደ። ከቤት ያመጣሁት ትንሹ ግን ልክክ አለ! በጎማ ጠፍሬ አሰርኩት። ጥይቱን አውጥቼ፣ ጠመንጃቸውን ካነገቱት ጋሽ ተሰማ ጋር ጨለማው መጋዘን ውስጥ ገባን።

«አብራው!»

አበራሁት። ግድግዳው ላይ ትልቅ ቢራቢሮ ተዘረጋ!

«ሌባውን በሳቅ ልትገድለው ነው እንዴ?» ብለው ከት ብለው ሳቁ።

የባትሪውን መስታወት አየሁ። በጥድፊያ ሳላስተውለው የቀረ የቢራቢሮ ስቲከር ነበር።

«ልጄ ናት የለጠፈችው» አልኩና ልልጠው ጥፍሬን ሰደድኩ።

እጄን ያዙኝ። «ይሄማ ጠመንጃ ላይ አይውልም» አሉና የራሳቸውን ባትሪ ከጠመንጃቸው ፈተው ሰጡኝ።