ቀዩ የመሃል ንብርብር

ዛሬ ከሰዓት እዚህ ዓረብ አገር፣ አል ኹዌር ሰፈር በምሠራበት ፀጉር ቤት ውስጥ፣ የደንበኛዬ ትንሽ ልጅ ቀይ መጫወቻ ጭቃዋን ጠፍጥፋ ማበጠሪያዎቼ አጠገብ አስቀመጠችው። አንስቼ መለስኩላት። ደግማ አስቀመጠችው፤ ደግሜ መለስኩላት። ሽታው ግን እጄ ላይ ቀረ፤ ጨው ጨው፣ ትንሽም ዘይት ዘይት ይላል። ይህ ሽታ በመጣብኝ ቁጥር ግራ ይገባኛል፤ ለምን እንደሆነ ልንገርሽ።

ሃያ ዓመቴ ነበር። ከኮምቦልቻ መጥቼ መዲናት ሱልጣን ቃቡስ የሚባል ሰፈር፣ አንድ ቪላ ውስጥ በቤት ሠራተኝነት ተቀጠርኩ። የቤቱ ትልቋ ልጅ የሁለተኛ ደረጃ የመጨረሻ ክፍል ተማሪ ነበረች፤ ከእኔ ብታንስ በሁለት ዓመት ነው። አንድ ቀን የወጥ ቤቱን መስኮት ስወለውል፣ እኔም ባዮሎጂ እማር እንደነበር በተሰባበረ አረብኛዬ ነገርኳት። ትንሽ ሳልጨምርበት አልቀረሁም፤ ከክፍሌ አንደኛ ነበርኩ አልኳት። ከዚያ ቀን ጀምሮ እናቷ በሌለችበት "ኡስታዛ" ትለኝ ጀመር፤ አስተማሪዬ ማለቷ ነው። በዚያ ቤት ስሜ የሚጠራው ሥራ ሲኖር ብቻ ስለነበር፣ ያቺን ቃል እንዴት እንደወደድኳት አትጠይቂኝ።

አንድ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ሦስት ቀለም ጭቃ ታቅፋ ወጥ ቤት ገባች። ፅንስ ገና ሲጀምር ሦስት ንብርብር ይሠራል፤ የሰውነት ክፍል ሁሉ የሚወጣው ከሦስቱ ከአንዱ ነው። ያንን በጭቃ ሠርታ በማግስቱ ለክፍሉ ልታስረዳ ነበር። ሰማያዊው የውጭው፣ ቢጫው የውስጡ፣ ቀዩ የመሃሉ። መጽሐፏን ትምህርት ቤት ረስታዋለች። ስልኳን የፈተና ሰሞን ስለነበር እናቷ፣ ማዳም፣ ወስዳ መሳቢያዋ ውስጥ ቆልፋባታለች፤ የእኔም ስልክ እስከ አርብ የሚቆየው እዚያው መሳቢያ ውስጥ ነው።

"ያላ ኡስታዛ፣ ልብ ከየትኛው ነው?" አለችኝ።

የውጭው ቆዳና አንጎል እንደሚሆን አስታውሳለሁ። የውስጡ የአንጀት ሽፋንና ሳንባ እንደሚሆንም አውቃለሁ። አስተማሪያችን የመሃሉን፣ ሜሶደርም የሚባለውን ባስተማረበት ዕለት ግን ክፍል አልነበርኩም፤ ፓስፖርት ላወጣ ወረፋ ላይ ቆሜ ነበር። አላውቅም ማለት ይቻል ነበር። ነገር ግን አላውቅም ካልኩ ኡስታዛነቴ እዚያው ያበቃል ብዬ ፈራሁ። ልብ ያለው ውስጥ አይደል? "ከቢጫው ነው" አልኳት፣ ዓይኔን ሳላሽ። ቢጫ ጭቃ አድቦልቡዬ ልቡን የሠራሁትም ራሴ ነኝ።

በማግስቱ ፊቷ ቀልቶ ገባች። ልብ የሚወጣው ለካ ከመሃሉ፣ ከቀዩ ነው። ክፍሉ ሁሉ ስቆባታል። ማዳም ሳሎን ውስጥ "ማነው እንዲህ ብሎ ያሳሳተሽ?" ስትላት ከኮሪደሩ ሰማሁና መጥረጊያዬን እንደያዝኩ ደርቄ ቀረሁ።

"ማንም። ራሴ ነኝ የተሳሳትኩት። ኻላስ፣ በቃ" አለች።

ኡስታዛ ግን ከዚያ በኋላ አላለችኝም።

ከሁለት ቀን በኋላ ጠዋት መጽሐፏን ወጥ ቤት፣ የሩዝ ጣሳው አጠገብ አገኘሁት። አንዱ ገጽ ላይ የተጠፈጠፈ ቀይ ጭቃ ተለጥፎ ስለነበር እዚያው ላይ ተከፈተልኝ። የሦስቱ ንብርብሮች ሥዕል ነበር፤ ልቡም ቀይ። ፊቴ ጋለ። ስህተቴን ልታሳየኝ ነው አልኩ። ቆይቼ ደግሞ፣ የለም፣ ረስታው ነው አልኩ። የቤት ሠራተኛ ከቦታው ውጭ ያገኘውን ዕቃ ሁሉ ሳይጠይቅ ወደ ቦታው ይመልሳል፤ እጄ የለመደው ያንን ነው። ጭቃውን አላቅቄ፣ ገጹን በሶፍት ጠርጌ፣ መኝታ ቤቷ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት። በማግስቱ መጽሐፉ ተመልሶ ሩዙ አጠገብ ነበር፤ ሌላ ቀይ ጭቃ ተለጥፎበታል። እሱንም ጠርጌ መለስኩት። በሦስተኛው ቀን የሩዙ ጣሳ ብቻውን ነበር።

ውሌ አልቆ ስወጣ ልጅቷ በሩ ላይ ቆማ "ፊ አማኒላህ" ብላ ተሰናበተችኝ፤ እኔም አልኳት። ሌላ ነገር ልትል የፈለገች መስሎኝ ነበር፤ ታክሲው ግን እየጠበቀኝ ነበር። ዛሬ ሐኪም ሆና ይሆናል። ወቀሰችኝ ወይስ ምን አደረገችኝ እያልኩ እስካሁን አስባታለሁ።

ይህን እያሰብኩ የእናትየውን ፀጉር ሳደርቅ፣ ሕፃኗ ጭቃዋን ለሦስተኛ ጊዜ አምጥታ ማበጠሪያዎቼ አጠገብ አኖረችው። ልመልስላት እጄን ስዘረጋ እናቷ በመስታወቱ አይታኝ ሳቀች።

"እህቴ፣ ላንቺ እኮ ነው የሰጠችሽ! ለምን ትመልሺባታለሽ?"

ማድረቂያውን አጠፋሁት። ከሩዙ ጣሳ አጠገብ ሁለቴ አንስቼ የመለስኩት መጽሐፍ ትዝ አለኝ። ጎንበስ ብዬ ልጅቷን "እውነት ለእኔ ነው?" አልኳት።

ታዲያ ለማን መስሎሽ ነው በሚል ዓይን አየችኝ።