ዋስ ሆኜ የበላሁት ኮድ

ይህን ለእናቴም ለንስሐ አባቴም ተንፍሼው አላውቅም። እናንተ አታውቁኝም፤ ምናልባት አፌ የተፈታው ለዚያ ነው።

ኮሌጅ ገና የገባሁ ሰሞን ነው። የቡራዩ፣ የሰበታና የሱሉልታ ልጆች በቴሌግራም ግሩፕ የኮምፒውተር ጨዋታ መክፈቻ ኮድ እንለዋወጥ ነበር፤ የተረፈውም በነጻ ይሰጣል። ኮድ አንዴ ከገባ አለቀለት፣ ለሌላ ሰው አይሠራም። ታዲያ "አንተ ቅደም፣ አንተ ቅደም" የሚለው ጭቅጭቅ ሲበዛ ዋስ ተመረጠ። ሁለቱም ኮዳቸውን ለዋሱ ይልካሉ፣ ዋሱ ያቀያይራል። "እሱ እግዜርን ይፈራል" ብለው እኔን መረጡ። እኔን!

የሱሉልታው ነስሩ ከሰበታው ቶሌራ ጋር ሊለዋወጥ ኮዱን ላከልኝ። ነስሩ የባለሱቅ ልጅ ነው፤ በነጻ በመስጠትም የሚደርስበት አልነበረም። ኮዱ ስመኘው የኖርኩት ጨዋታ መክፈቻ ነበር። "እስኪ መሥራቱን ልየው" አልኩ ለራሴ። ውሸታም! ላየው ነው? ልበላው እንጂ! አስገባሁት፣ ተከፈተልኝ። ከዚያ የቶሌራን ኮድ ለነስሩ፣ ያንኑ የሞተ ኮድ ደግሞ ለቶሌራ ላክሁ።

ቶሌራ ጮኸ። "ኮዱ ተበልቷል! ነስሩ ሌባ ነው!" ግሩፑ በስድብ ተሞላ። ነስሩ "ወላሂ አልነካሁትም፣ ዋሱን ጠይቁት" አለ። ጠየቁኝ። አንዲት ቃል ብተነፍስ ስሙ ይተርፍ ነበር። እኔ ምን አልኩ? "እኔ የተላከልኝን ነው ያስተላለፍኩት።" ይሄ እውነት ነው እኮ! እውነት ተናግሬ ሰው የገደልኩ እኔ ነኝ። ነስሩን ከግሩፑ ያስወጣሁትም በገዛ እጄ ነው። ከዚያ ወዲህ ከእሱ ጋር የሚለዋወጥ ጠፋ፣ ጓደኞቹም ሸሹት።

ባለፈው ወር ልንገረው ብዬ ቆርጬ ሱሉልታ፣ አባቱ ሱቅ ድረስ ሄድኩ። ገና ሲያየኝ "አካም ጅርታ!" ብሎ አቀፈኝ። ወደ አባቱ ዞሮ፣ "አባ፣ ያኔ ቶሌራ ኮዱን ራሱ በልቶ ሁሉም ሌባ ሲለኝ፣ ያልሰደበኝ ይሄ ብቻ ነው" አላቸው። ሽማግሌው ከመቀመጫቸው ተነሱ። "ልጄን ያላዋረድክ፣ አላህ አያዋርድህ" ብለው እጄን ይዘው መረቁኝ።

ምን አደረግሁ? ጎንበስ ብዬ "አሜን" አልኩና ተመለስኩ።

ልጅነት ነው እንዳትሉልኝ። ኮዱን የበላሁት በልጅነቴ ነው፤ አሜን ያልኩት ግን ባለፈው ወር ነው፣ የልጅ አባት ሆኜ።