የገጽ ስድሳ አንድ ፍየል

ሞያሌ ውስጥ፣ በኬንያ በኩል ባለው ዋና መንገድ ላይ ቆሞ ዞር ዞር ያለ ሰው የኤባን የእጅ ሥራ ሳያይ አያልፍም። የሥጋ ቤቱ ግመል፣ የወተት ቤቱ ላም፣ የከብት መድኃኒት ሱቁ በግ፣ ሁሉም የእሱ ናቸው። በሰማንያ ሦስት ዓመተ ምሕረት መንግሥት ሲለወጥ ከሀገረ ማርያም አንድ ሸሚዝና ሦስት ብሩሽ ይዞ ተሻገረ። ስደተኛነቱ አለፈ፣ ሚስት አገባ፣ ልጆች ወለደ፣ ፀጉሩ ነጣ፤ ብሩሹን ግን አልጣለም። የአገሩ ሰው ባለሙያን በስዋሂሊ ፈንዲ ስለሚል እሱም ፈንዲ ኤባ ሆኖ ቀረ።

አንድ ነገር ብቻ አንጀቱን ይበላው ነበር። ባለሱቆቹ ሥዕሉን ይወዱለታል፤ ግን ባለሱቅ ስለ ግመል ምን ያውቃል? ከብት እየነዱ ከገጠር የሚመጡት አርብቶ አደሮች ከማስታወቂያው ፊት ቆመው ይስቃሉ። አንዱ እንዲያውም፣ ‹‹ይህ ግመል እግሩን ከማን ተውሶ ነው?›› ብሎ ጠይቆታል። በሠላሳ ምናምን ዓመት አንድም አርብቶ አደር ‹‹ሸጋ አድርገህ ሥለኸዋል›› ብሎት አያውቅም። ኤባ ግድ የለኝም ይላል፤ ውሸቱን ነው።

እንግዲህ ዘንድሮ ጥር ላይ የመንግሥት መጻሕፍት ከናይሮቢ በሎሪ መጡ። ከከተማው ዳር ላለው የመንግሥት ትምህርት ቤት ሰማንያ አራት የግብርና መጽሐፍ ደረሰው። ርእሰ መምህርቷ ሳቢራ ደስ ብሏት ስታገላብጥ ገጽ ስድሳ አንድ ላይ ስትደርስ ቀጥ አለች። አንዲት አሳማ ገጹን ሞልታ፣ ጆሮዋን ጥላ፣ ፈገግ ያለች መስላ ቆማለች። ከሥሯ ስለ አረባቧ ረጅም ማብራሪያ አለ።

ወሬው ከግቢው ለመውጣት አንድ ቀን አልፈጀበትም። ከጥቂቶቹ በስተቀር ተማሪው ሁሉ ሙስሊም ነው፤ ወላጆቹ አሳማ በልጄ ቦርሳ ተሸፍኖ ቤቴ አይገባም አሉ። የወላጅ ኮሚቴው ሊቀ መንበር ሐጂ መሐዲ ስኳርና ሻይ ቅጠል ከወዲያ ወዲህ የሚነግዱ፣ ሰው የማይጎዱ፣ አንድ ሐሳብ ከያዛቸው ግን የማይለቁ ሰው ናቸው። ኮሚቴውን ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ ካለው ግራር ሥር ሰበሰቡ።

ገጹ ይቀደድ ተባለ። ሳቢራ፣ ‹‹የመንግሥት ንብረት ነው፤ ተቆጣጣሪው ሲመጣ ገጽ ይቆጥራል›› አለች። በሙጫ ይጣበቅ ተባለ። ‹‹ልጆቹን አታውቋቸውም? የተጣበቀ ገጽ ካዩ እሱን ሳይከፍቱ አያድሩም›› አለች፤ እውነቷን ነው። በመጨረሻ ሐጂ መሐዲ ፂማቸውን እየዳበሱ፣ ‹‹ለምን ፍየል አናደርጋትም?›› አሉ። ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል አንድም፣ ይህ ነገር መጨረሻው ምን ይሆናል ብሎ የጠየቀ አልነበረም።

ኤባ ተጠራ። ሐጂ ሥራውን ካስረዱት በኋላ፣ ‹‹ፈንዲ፣ አንተ ክርስቲያን ነህ፤ ብትነካውም ላንተ ምንም አይደል›› አሉት። ኤባ ግን እሑድ እሑድ ድንበሩን ተሻግሮ የሚያስቀድስ ኦርቶዶክስ ነው። በእናቱ ቤት የአሳማን ስም የጠራ ልጅ አፉን ሳይጉመጠመጥ ምሳ አይቀርብለትም ነበር። ያን ያህል ሰው በተሰበሰበበት ‹እኔም እጸየፈዋለሁ› ማለት ሐጂን ማሳፈር መሰለውና ዝም አለ። እዚያ ከተቀመጡት አሳማን በዓይኑ ያየ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ የግብርና መምህሩ ምዌንዳ። ወደ ናይሮቢ በሚወስደው መንገድ ሜሩ ተወልዶ አሳማ በሞላበት ግቢ ያደገ ወጣት ነው። ሳቁ ሊያመልጠው ሲል ሳል አስመስሎ አለፈው። ያንን ገጽ ክፍል ውስጥ ዝለለው ተባለ፤ እሺ አለ። ነገሩ ከግራሩ ሥር እንዳይወጣም ሁሉም ቃል ገቡ።

ኤባ መጻሕፍቱን ሱቁ ውስጥ ቆልፎ ሥራ ጀመረ። ወቅቱ ዐቢይ ጾም ነበር። በጾም ሰማንያ አራት አሳማ እያዩ መዋል ጾም ያስፈታ እንደሆነ ቄሱን ሊጠይቅ አሰበና፣ ‹‹መልሱ አዎ ቢሆንስ?›› ብሎ ተወው። ቀንድ አበቀለላቸው። ፂም ሰጣቸው። እግራቸውን አስረዘመ። አፍንጫቸው ስላስቸገረው ከፊታቸው ሣር ሥሎ ግማሹን ሸፈነው። ከሠላሳኛው በኋላ ሥራው ጣፈጠውና ለእያንዳንዷ የየራሷን ፂም ያወጣላት ጀመር፤ የሐጂን ፂም የያዘችም አንዲት ሳትኖር አልቀረችም። የእንስሳዋን ስም በነጭ ቀለም እያጠፋ በላዩ ‹ፍየል› ብሎ በእንግሊዝኛ ጻፈ።

የቀረውን ጽሑፍ ግን ማንም አላነበበውም። ኮሚቴው ሥዕሉን አይቶ ማሻአላህ አለ። ሳቢራ መጽሐፉን ቆጥራ ተረከበች። ኤባ እንግሊዝኛ የሚያውቀው ለማስታወቂያ የሚበቃውን ያህል ነው።

ጋልጋሎ ከሞያሌ ወጣ ብላ ያለችው የቦሪ መንደር ሰው ነው። ሰባ ዓመት አልፎታል። ድርቁ ከብቱን ሁሉ ጨርሶ አንዲት እንስት ግመልና አራት ፍየል ብቻ ተወለት። ሚያዝያ ላይ ትምህርት ሲዘጋ የልጅ ልጁ ካልቶማ መጽሐፏን ይዛ ቦሪ ሄደች፤ እንዲዘሉት የተነገራቸውንም ገጽ ከሁሉ አስቀድማ ለአያቷ እየተረጎመች አነበበችለት። ይህች ፍየል በአንድ ጊዜ እስከ አሥራ ሁለት ትወልዳለች። በዓመት ሁለቴ ትወልዳለች። የወጥ ቤት ትራፊም ሆነ የድንች ልጣጭ ያገኘችውን ትበላለች። ሩቅ ግጦሽ አትፈልግም። ጭቃ ላይ መንከባለል ትወዳለች።

‹‹ጭቃው ይቅር›› አላት ጋልጋሎ። ‹‹አሥራ ሁለት ያልሽውን ድገሚው።››

ደገመችለት። ሌላ ሰው ቢነግረው ኖሮ ስቆ ያባርረው ነበር፤ ለጋልጋሎ ስለ ፍየል የሚያስተምር ሰው ገና አልተወለደም። ይህ ግን የመንግሥት መጽሐፍ ነው። መንግሥት ደግሞ እስከ ዛሬ ቦሪ ድረስ የላከው ደግ ነገር ትንሽ ስለሆነ፣ ሽማግሌው አንዴ እንኳ መልካም ነገር ቢልክ ብሎ ማመን ፈለገ። መጽሐፉን ተቀብሎ ሥዕሉን ለረጅም ጊዜ ተመለከተ።

ትምህርት በተከፈተ በሁለተኛው ሳምንት፣ ኤባ የአንድ ፀጉር ቤት ሰሌዳ እየቀባ ሳለ፣ አንድ ሽማግሌ ግመል እየሳበ መጥቶ ከሱቁ ምሰሶ ላይ አሰራት።

‹‹ፈንዲ፣ ነጋያ?›› ሲል በአገሩ ቋንቋ ሰላም አለው።

‹‹ነጋያ፣ አባቴ። ይግቡ እንጂ።››

‹‹አልገባም፤ ግመሏ ብቻዋን ስትሆን ሰው ትፈራለች። ጋልጋሎ እባላለሁ፣ ከቦሪ ነኝ። ሰሌዳ ትሠራልኛለህ። ፍየል ትሥልና ከሥሯ ‘የጋልጋሎ ፍየሎች፣ አሥራ ሁለት የሚወልዱ’ ትላለህ።››

ኤባ ቀልድ መስሎት ሳቀ። ‹‹አሥራ ሁለት የምትወልድ ፍየል ከየት ተገኘች?››

‹‹ሴሪካሊ አላት›› አለ ጋልጋሎ፤ መንግሥት ማለቱ ነው። ‹‹መጽሐፉ ላይ ገጽ ስድሳ አንድ። ልጅቷን ይዤ መምህሯ ዘንድ፣ ምዋሊሙ ምዌንዳ ዘንድ ሄድኩ። ‘አያቴ ገጽ ስድሳ አንድ ላይ ያለችውን ማርባት ይፈልጋል’ ስትለው ተነሥቶ በሁለት እጁ ጨበጠኝ። ‘እንዲህ ያለ ሽማግሌ እዚህ አገር አገኛለሁ አላልኩም’ አለኝ። ወንድሙ አገር ቤት ያረባታል። ሁለት ሴትና አንድ ወንድ በሎሪ ጭኖልኛል፣ ዛሬ ይገባሉ። ለዋጋቸው ይህችን ግመል አሁን ገበያ አወርዳታለሁ፤ ደላላው እየጠበቀኝ ነው።››

ኤባ ብሩሹን አስቀመጠ። ያ የተባረከ ምዌንዳ፣ ሽማግሌው አሳማ መሆኗን አውቆ የመጣ መስሎታል። ኤባ ወገቡን ይዞ ቆመ። ቃል ገብቷል፤ ሐጂ ይቀየሙታል፤ ከሁሉ የከፋው ደግሞ፣ ከእንግዲህ በሞያሌ በኩል የሚያልፍ አርብቶ አደር ሁሉ በምን እንደሚስቅበት ከወዲሁ ታየው።

‹‹እርስዎ ነገ ቢመጡስ?›› አለ።

‹‹ነገማ ፍየሎቼን ልጠብቅ ነው።›› ጋልጋሎ የግመሏን አንገት ዳበሰ። ‹‹በድርቁ ጊዜ ልጆቹን በወተቷ ያቆመችልን እሷ ናት። መሸጧ አልሆነልኝም ነበር፤ ሦስት ሌሊት አልተኛሁም። ግን አሥራ ሁለት ነው፤ ምን ላድርግ?››

ግመሏ ኤባን ቁልቁል አየችው።

‹‹አባቴ፣ ፂሙን የሠራሁት እኔ ነኝ›› አለ።

‹‹የቱን ፂም?››

‹‹የገጽ ስድሳ አንዷን። ቀንዷንም እግሯንም እኔ ነኝ። ልጆቹ እንዳያዩ ተብሎ ነው። ከሥር ያለችው ፍየል አይደለችም፤ አሳማ ናት። የከርከሮ ዘመድ።››

ጋልጋሎ ግመሏን አየ፣ ኤባን አየ፣ ቀጥሎ ከደቡብ የሚመጣውን አስፋልት አየ።

‹‹ሎሪው የት ደርሷል?›› ሲል ጠየቀ።

ሎሪው ተርቢ የምትባለውን ከተማ አልፎ ነበር። ኤባ ሮጦ የነገረው ምዌንዳ ስልክ ቢደውልም ሹፌሩ፣ ሽንኩርት ጭኛለሁ፣ ለሦስት አሳማ ብዬ አልመለስም ብሎ ዘጋበት። ስለዚህ ከሰዓት በኋላ ኮሚቴው ከግራሩ ሥር በድንጋጤ በተሰበሰበበት፣ ሎሪው ወደ ትምህርት ቤቱ ግቢ ገባና አንድ የእንጨት ሳጥን እዚያው ባለው የምዌንዳ ቤት ጓሮ አውርዶ ሄደ። መጽሐፉ የደረሳቸው ሰማንያ አራቱም ተማሪዎች ሳይጠሩ ተሰለፉ። ሐጂ መሐዲ ልጆቹን ልበትን ብለው ጥቁር መነጽር አድርገው ሄዱና፣ ከሁሉም ልጆች ይልቅ ረጅም ጊዜ ቆዩ። ካልቶማ አንገቷን አስግጋ ወደ ሳጥኑ ካየች በኋላ እጇን አወጣች።

‹‹ምዋሊሙ፣ ፂማቸውስ?››

ምዌንዳ ወደ ሐጂ ዞረ። ሐጂ ወደ ኤባ ዞሩ። ኤባ ግን ከግድግዳው ጀርባ ሆኖ እየተፋ ነበር።

‹‹ፈንዲ፣ ሳጥኑን እንኳ አንተ ያዝልን እንጂ›› አሉት ሐጂ። ‹‹ለእናንተ ምንም አይደል።››

‹‹እኛም እኮ አንበላም፣ ሐጂ። ስሙንም አንጠራ።››

ሐጂ መነጽራቸውን አወለቁ። ‹‹ታዲያ ያን ጊዜ ለምን አልነገርከኝም?››

‹‹አልጠየቁኝማ።››

ይህን ጊዜ ጋልጋሎ በትሩን ተደግፎ ከግራሩ ሥር ተነሣ። ድምፁን ከፍ አላደረገም።

‹‹ሐጂ፣ የማልበላውን አውቃለሁ። አባቴ ነግሮኛል፤ እኔም ለካልቶማ ነግሬአታለሁ። አሳማ ብላችሁ ብትተዉት ኖሮ እሷ ታነባለች፣ እኔ እሰማለሁ፣ አስተግፊሩላህ ብለን ወደሚቀጥለው ገጽ እናልፋለን። እናንተ ፂም ብታወጡለት ጊዜ ግመሌን ሸጬ በገዛ እጄ ቤቴ ላስገባው ነበር።››

ሐጂ መሐዲ፣ ‹‹ልክ ነህ፣ ጋልጋሎ። ጥፋቱ የእኔ ነው›› አሉ። ሥዕሉ ወደ ነበረበት ይመለስ፣ የሚበላውንና የማይበላውን ደግሞ ልጁ ከቤቱ ይማር ተባለ። ሳቢራ እፎይ አለች፤ ተቆጣጣሪው ሲመጣ ስለ ቀንዱ ምን እንደምትለው ስታስብ ከርማ ነበር። ከልቡ ያዘነው ምዌንዳ ብቻ ነው። ሳጥኑን በማግስቱ በተመላሹ ሎሪ ወደ ሜሩ ሸኘው።

በዚያው ጠዋት ኤባ ሱቁ በር ላይ ተቀምጦ ቀንድና ፂም በጥጥ እየጠረገ ሳለ ጋልጋሎ ግመሉን እየሳበ ደረሰ። ወደ ቦሪ መመለሱ ነው።

‹‹አፍንጫዋ አጠራጥሮኝ ነበር›› አለ ከሰላምታው በኋላ። ‹‹የውጭ አገር ዘር ይሆናል ብዬ አለፍኩት።››

‹‹ይቅር ይበሉኝ፣ አባቴ።››

‹‹ብዬሃለሁ። ፂሙ ግን ቁርጥ የፍየል ፂም ነው። እኔ ጋልጋሎ ግመሌን ልሸጥበት ነበር እኮ።››

ኤባ ፊቱ እንዳይታይበት መጽሐፉ ላይ አጎነበሰ። ሠላሳ ምናምን ዓመት የጠበቀው ቃል በዚህ በኩል ይመጣል ብሎ አላሰበም። ጥጡን አስቀመጠና ከመንገዱ ማዶ፣ ከሥጋ ቤቱ በላይ ወደ ተሰቀለው ግመል አመለከተ።

‹‹አባቴ፣ እስቲ እውነቱን ይንገሩኝ። የዚያ ግመል ምኑ ነው የተበላሸው?››

ጋልጋሎ ቀና ብሎ ሰሌዳውን ከላይ እስከ ታች አየ። ከዚያ የራሱን ግመል ከምሰሶው ጋር መልሶ አሰረና፣ ‹‹ወንበር አምጣ›› አለው።