ጣቢያ የሚዘጋው መልስ ሲመጣ ነው

ባሌ አምባቸው ከጦሩ ተሰናብቶ ቢቸና ሲገባ ያመጣው ንብረት አንድ የሸራ ሻንጣና አንድ ክፉ ጠባይ ብቻ ነበር። ሻንጣውን አይጥ በላው። ጠባዩ ግን ዘለቀ፤ ድንገት ቆም ብሎ ያዳምጣል። እንጨት እየፈለጠ ቆም፣ ጉርሻውን አፉ አድርሶ ቆም። «ምን ሰማህ?» ስለው «ምንም» ይላል። ምንም ላልሰማ ሰው እንዲያ መሆን ምን የሚሉት ነው!

ተኝቶም አያርፍም። «ደምለው፣ ደምለው፣ አምባቸው ነኝ። ይሰማሃል? ቀይር» ይላል። «ቀይር» ማለት በሬዲዮ ሥርዓታቸው እኔ ጨርሻለሁ፣ አሁን ተራው ያንተ ነው ማለት ነው አሉ። እኔ በምን አውቄ! ሙሽራ ሆኜ የሰው ስም እየጠራ ሲባንን ሌላ ሚስት ያለችው መስሎኝ ነበር፤ የወንድ ስም መሆኑ ነው ያሳረፈኝ። «ደምለው ማነው?» ብለው «ኦጋዴን አብሮኝ የነበረ የመገናኛ ወታደር» አለ። «አሁን የት አለ?» ስለው መጥረቢያውን አንሥቶ ወጣ። እኔ ይርጋነሽ ደግሞ ያን ጊዜ ዝም ሲሉኝ ማኩረፍ እንጂ አጥብቆ መጠየቅ አልችልበትም ነበር። ሻይ ቤቴን ከፍቼ ሥራዬን ያዝሁ።

ንጉሡ ገና በዙፋናቸው ሳሉ ነው እንግዲህ፤ ስልክ እንደ ልብ በማይገኝበት ጊዜ። ጋሽ ገብረ ኪዳን የሚባሉ እህልና ቅቤ ነጋዴ አዲስ አበባ ሄደው ጦሩ በሐራጅ ያወጣቸውን ሁለት አሮጌ ሬዲዮዎች ገዝተው፣ ፈቃዱንም አስወጥተው መጡ። አሳባቸው ቀላል ነው። አንዱ ቢቸና እወፍጮ ቤታቸው ይተከላል፣ አንዱ ሞጣ። የጤፍና የቅቤ ዋጋ ጠዋት ጠዋት መጠያየቅ ነው፤ መኪና ደጀን ላይ ቢሰበርም ወሬው ለሞጣው ነጋዴ ወዲያው ይደርሳል። ሌላው ሰውም እየከፈለ ይላላክበታል። በአገሩ ደግሞ ያን ሣጥን የሚያናግር ከአምባቸው በቀር የለም።

አምባቸው መጥቶ ሣጥኑን በእጁ ዳሰሰው። «ጋሼ፣ ይኸ ዕቃ ለነጋዴ አይሆንም» አለ።

«ምን ጎደለው?»

«ምንም አልጎደለው። ሰው የሞተው ሲያወራበት ነው።»

«ኧረ ባክህ! ዕቃ ምን ያውቃል?» ብዬ የጮህሁበት እኔ ነኝ። ሥራ ፈትቶ ከደጃፌ ተቀምጦ ደመና ሲያዳምጥ መዋሉ አንገሽግሾኝ ነበር። እሺ አለ። ሁለተኛው ሬዲዮ ሞጣ እንደሚተከል የሰማ ጊዜ ግን ፊቱ አመድ መሰለ። «ደብረ ወርቅ አይሻልም?» ብሎ ለመናቸው። ጋሽ ገብረ ኪዳን ሳቁበት፤ ቅቤው ያለው ሞጣ ነዋ።

ሥራውን ሲይዘው ግን እጁ የተባረከ ነበር፤ ይኸን ማንም አይክደውም። ያ ሬዲዮ በጦር ሜዳ አንድ ወታደር ተቀምጦ ዲናሞውን በእጁ እየዘወረለት ነበር የሚሠራው። ነጋዴ ማንን አስቀምጦ ያዘውራል? አምባቸው ዲናሞውን ነቅሎ የጭነት መኪና ባትሪ አገናኘለት፤ ባትሪውንም የወፍጮ ቤቱ ሞተር እንዲሞላው አደረገ። የጆሮ ማዳመጫውን አውልቆ በምትኩ ከቤት ሬዲዮ የወጣ ድምፅ ማጉያ ገጠመበት፤ ገበያተኛው ሁሉ ቆሞ እንዲሰማ። ሽቦውን በሁለት ረጃጅም ባሕር ዛፎች መካከል ዘረጋው። የወታደሩን አረንጓዴ ቀለም በሰማያዊ ሸፈነው። ለሞጣው ሙሉአለም የሚባለውን የጋሽ ገብረ ኪዳንን ሸሪክ እቤታችን አምጥቶ አሠለጠነ እንጂ ራሱ ሞጣ እግሩን አላነሣም።

አንድ ነገር ብቻ ከወታደሩ ሥርዓት አልለውጥም አለ። ጣቢያ ሲዘጋ አንዱ «ይዘጋል» ይላል፤ ወዲያ ማዶ ያለው «ይዘጋ» ብሎ ይመልሳል። መልስ ካልመጣ አይዘጋም። ሙሉአለም ረስቶት ሳይመልስ የሄደ ዕለት ባሌ ከዚያ ሣጥን ፊት ንቅንቅ አይልም። «ሰውዬው እኮ ቤቱ ገብቶ ሽሮውን እየበላ ነው!» እላለሁ። ማን ሰምቶኝ! ምሳው እፊቱ ይደርቃል።

መቼም የመጀመሪያውን ቀን አልረሳውም። አንዱ የማር ነጋዴ ከሞጣ የአበዳሪውን ድምፅ ቢሰማ ጊዜ ባርኔጣውን አውልቆ ለሣጥኑ እጅ ነሣ። ሌላው ገደል ማዶ ያለ ሰው የሚጠራ መስሎት እንዲያ ሲያምባርቅ የወፍጮ ቤቱ አህዮች በረገጉ። ስንቱን ሳቅን መሰላችሁ! አምባቸውም ሳቀ። እሰይ፣ ዳነልኝ አልሁ።

ክረምቱ ወጥቶ መንገዱ ሲደርቅ ነው ጉዱ የመጣ። ገበያ ነበር፤ ወፍጮ ቤቱ ጢም ብሏል። ሙሉአለም የቅቤውን ዋጋ ተናግሮ ሲያበቃ «አንዲት እናት አሉ፤ አንተን ካላናገርሁ ብለው ቅቤ ይዘው መጥተዋል። ወይዘሮ ወለተ ኢየሱስ ይባላሉ» አለ። ከዚያ የአሮጊት ድምፅ መጣ፤ ቀጭን፣ ግን ጥርት ያለ።

«ልጄ፣ ያ ወታደር አንተ ነህ አሉ፤ የደምለውን ደኅንነት ያመጣህልኝ። ይኸ ዕቃም የወታደር ነው አሉ። ደምለውን ጥራልኝ። ቀይር።»

«ቀይር» ማለቱን ሙሉአለም ነው ያስጠናቸው። የዚያች አሮጊት «ቀይር» እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። አምባቸው የሣጥኑን ቁልፍ እየነካካ «እማማ… ድምፁ አይሰማም። ሌላ ቀን» አለና ዘጋው። መልስ ሳይጠብቅ ዘጋው! የዚያን ቀን ገባኝ፤ ነገሩ የዕቃ ነገር አይደለም።

ቤት ገብተን በሩን ዘጋሁና «ወይ ትነግረኛለህ ወይ እናቴ ቤት እሄዳለሁ» አልሁት። ነገረኝ።

ደምለው የእኒያ ሴት አንድያ ልጅ ነው። ከቅኔ ቤት ጠፍቶ፣ ዘመድ እንዳያገኘው ስሙን ለውጦ ነው ወታደር የሆነው። ስለዚህ ቢሞት መንግሥት ለማን ይንገር? እውነተኛ ስሙ ደምለው መሆኑን፣ ሞጣም እናት እንዳለችው የሚያውቅ አምባቸው ብቻ። ኦጋዴን ላይ ደምለው ሬዲዮውን ይዞ አንድ ጉብታ ላይ ከጥቂት ሰዎች ጋር ተከበበ። አምባቸው ከታች ከጦሩ ጋር ሆኖ ያዳምጠዋል። «አምባቸው፣ አለህ ወይ? ቀይር» አለ ደምለው። አምባቸው «አለሁ፣ አለሁ» ቢል፣ ቢል፣ አልተሰማውም። ደምለው ጠየቀ፣ ጠየቀ፣ ድምፁ ጠፋ። ጦሩ በማግሥቱ ሲደርስ አስከሬኑን እዚያው አሸዋ ውስጥ ቀበሩት። አምባቸው ራሱ ነው አፈር ያለበሰው።

ሲሰናበት በቀጥታ ሞጣ ሄደ። ብቻውን፣ በቀትር። እናትየው ደጃፋቸው ላይ ጥጥ ይፈትላሉ። የወታደር ካፖርቱን ገና ከሩቅ ሲያዩ እንዝርቱን ጥለው ተነሡ። «ልጄ ደህና ነው?» አሉት። እንዲህ ነው ሥርዓቱ፤ መርዶ ብቻውን በቀትር የመጣ እንግዳ አይነግርም። ሽማግሌና ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ንስሐ አባት ይዞ፣ ጎሕ ሲቀድ ነው የሚረዳ፤ ሐዘንተኛዋ ስትወድቅ የሚይዛት ሰው ያስፈልጋላ! አምባቸውም ሽማግሌ ለምኖ እስኪመለስ ብሎ፣ ለዚያች ቀን ብቻ ብሎ፣ «ደህና ነው» አለ። ጎረቤት እልል አለ። በግ ታረደለት። የታረደለትን በግ በልቶ በየት አፉ ይመለስ! ከዚያ ጠፍቶ ቢቸና ገባ፤ እኔንም አገባ።

ተናደድሁ። «ሰውዬ፣ ደምለው እኮ ፍትሐት የለው፣ ተዝካር የለው! ቄሱ እስከ ዛሬ ስሙን ከሕያዋን ጋር ነው የሚያነሡት! እሱ ሜዳ ላይ ቀርቶ አንተ እዚህ በቅቤ ዋጋ ትስቃለህ!» አልሁት። ፊቱን በጋቢው ሸፈነ። እኔም አለቀስሁ፤ ያላየሁትን ደምለውን አለቀስሁት።

ወይዘሮ ወለተ ኢየሱስ ገበያ በቆመ ቁጥር መምጣት ጀመሩ። «ደምለውን ጥራልኝ። ቀይር።» «ዓይኔ ፈዘዘ ልጄ፣ ጉልበቴም ዛለ፤ ሳልሞት ጥራልኝ። ቀይር።» አምባቸው አንዴ ነፋስ ነው ይላል፣ አንዴ ባትሪ ነው ይላል። ነጋዴው መሳቁን ተወ። ከዚያ ሣጥን ሌላ ድምፅ፣ የወንድ ድምፅ፣ በሽውሽውታው መካከል ሰማሁ የሚልም ተነሣ። ዋሾ! እልና ራሴው ማዳመጥ እጀምራለሁ። አምባቸው እህል ከአፉ አይገባም፤ ቀበቶው በወገቡ ዞረ።

አንድ የገበያ ቀን ሙሉአለም «እማማ ዛሬ በሰው ትከሻ ነው የመጡት፤ ታመዋል» አለ። የሚያስፈራኝ ይኸው ነበር። እሳቸው ካረፉ ልጅየውን በስሙ የሚያለቅስለት ሰው ከምድር ጠፋ ማለት ነው። ጋሽ ገብረ ኪዳን ተቆጡ፤ ነገሩን እኔው ነግሬያቸው ነበር። «በቃ አሁን ንገራቸው! ሁለት ቀን በበቅሎ ከመሄድ በአንዲት ትንፋሽ ይደርስ የለም ወይ? ለዚህ አይደል ይኸን ዕቃ የገዛነው!»

አምባቸው አፉን ሊከፍት ነበር። መናገሪያውን ከእጁ ቀማሁት። «መርዶ በሬዲዮ? ጋሼ፣ የቅቤ ዋጋ መሰለዎ? እዚያ ማን ይይዛቸዋል፣ ሙሉአለም ነው የሚይዛቸው?» አልሁ፤ በንዴት እንባዬ መጣ። ወደ ሣጥኑ ተጠጋሁና በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገርሁበት። «እማማ፣ ይጠብቁን። እየመጣን ነው። ቀይር።»

«እጠብቃለሁ» አሉ።

በበቅሎ ሄድን። ሞጣ ስንደርስ ሙሉአለም የእናትየውን ንስሐ አባት መምሬ ገብረ ሕይወትንና የሰፈሩን ሽማግሌዎች ሰበሰበልን፤ ገና ጎሕ ሳይቀድ ተነሣን። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ከመንደሩ ውሻ እንኳ አልጮኸብንም። ከበሩ ስንደርስ አምባቸው ወደ ኋላ ሊመለስ ሲል ክንዱን ይዤ አቆምሁት።

በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። መብራት በርቷል። ቤቱ ተጠርጓል፤ በግድግዳው ዙሪያ ለብዙ ሰው የሚሆን መቀመጫ ተደርድሯል። ወይዘሮ ወለተ ኢየሱስ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰው መካከሉ ላይ ተቀምጠዋል። መምሬን አዩ፣ ሽማግሌዎቹን አዩ፣ መጨረሻ ላይ አምባቸውን አዩት።

«ዛሬስ ብቻህን አልመጣህም» አሉት።

መምሬ ሊጀምሩ ሲሉ እናትየው ቀደሟቸው።

«ያን ቀን ብቻህን መጣህ፤ ዓይንህን መሬት ተክለህ ደህና ነው አልኸኝ። ሽማግሌ አጥቶ ነው፣ ነገ ይዞ ይመለሳል ብዬ በጉን አረድሁልህ። እንዳትሸሽ ነበር እኮ። ቤቴን ጠርጌ ስጠብቅህ ስንት ዘመን ሆነኝ! ሳይነግሩኝ ማልቀስ አልችል፤ እናት አይደለሁ? እኔ በዚያ ዕቃ ስጠራ የነበር ደምለውን አይደለም። አንተን ነው።»

አምባቸው እግራቸው ላይ ወደቀ። ያን ጊዜ ነው የጮኹት፤ እኒያ ደካማ አሮጊት እንዲያ ያለ ድምፅ ከየት አመጡት! ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ ወጣ። አምባቸውን ከቤተ ዘመዱ ጋር እንደ ወንድም አስቀመጡት፤ እሱም አለቀሰ። ባሌ ሲያለቅስ ያን ቀን አየሁ። ፍትሐቱ ተፈታ፣ የደምለውም ስም ከሙታን ጋር ተነሣ።

በሦስተኛው ቀን ለቅሶው በረድ ሲል እናትየው ወደ ሙሉአለም ሱቅ ውሰዱኝ አሉ። ሬዲዮው ፊት ተቀመጡና አምባቸውን «መጨረሻ ምን አለህ?» አሉት።

«አለህ ወይ አለኝ፣ እማማ። አለሁ አልሁት። አልሰማኝም።»

«አሁን በለው።»

አምባቸው ሣጥኑን ከፈተ። ቢቸና ላይ ማንም የለም፤ የእኛውን ቆልፈን ነው የመጣን። ሽውሽውታ ብቻ ነው የሚሰማ። «ደምለው፣ ደምለው፣ አምባቸው ነኝ። አለሁ።» ትንሽ አዳመጠ። «ይዘጋል» አለ። «ቀይር።»

ጠበቀ። ሥርዓቱ ነዋ፤ መልስ ሳይመጣ አይዘጋም። ሽውሽውታው እንዳለ ነው። እዚያው ሲጠብቅ ሊያረጅ ነው አልሁ። እናትየው ጎንበስ ብለው አፋቸውን ወደ መናገሪያው አስጠጉ።

«ይዘጋ፣ ልጄ» አሉ። «ይዘጋ።»

አምባቸው ዘጋው።

ከዚያ ወዲህ ተኝቶ ደምለውን ጠርቶ አያውቅም፤ እንደ ሕፃን ነው የሚተኛው። ድስት ሳማስል ድንገት ቆም የምለው አሁን እኔ ነኝ። «ምን ሰማሽ?» ይለኛል። «ምንም» እላለሁ።