ላባ የፈለገ አፉን ይክፈት

በእንግሊዝ አገር በሬዲንግ ከተማ፣ በኦክስፎርድ መንገድ ዙሪያ ከሚኖሩት የካሪቢያኗ ደሴት የባርቤዶስ ሰዎች ሁሉ እንደ ዩዲን ግሪኒጅ ድምፀ ጎላ ሴት የለችም። ቤቷ ውስጥ ስታስነጥስ ከመንገዱ ማዶ "ይማርሽ!" የሚላት አታጣም። ስልሳን ካለፈች ቆየት ብላለች፤ ኑሮዋም ልብስ ስፌት ነው። ከግንቦት ጀምሮ ግን ሙሽራም ብትመጣ አታስተናግድም፤ ቤቷ የካርኒቫል፣ ላባና ክንፍ ለብሶ በአደባባይ የሚጨፈርበት የበጋ በዓል ነው። ሶፋው ላይ ላባ፣ መታጠቢያ ገንዳው ውስጥ የተነከረ ጨርቅ፣ ፍሪጁ አናት ላይ ክንፍ። ባሏ ኦርቪል መቀመጫ ስለማያገኝ እራቱን ቆሞ ይበላል።

በዚያ ዓመት ዩዲን የምትሰፋለት የጭፈራ ቡድን ንግሥት ሆና ፊት ፊት እንድትጨፍር የተመረጠችው ጃኔል ለልኬት ሳትመጣ ቀረች። እግሯ በየቦታው እየበለዘ "ጭፈራ ያመጣብኝ ነው" ስትል ከርማ፣ ሐኪም ቤት ስትሄድ የደም ካንሰር ሆኖ ተገኘ። የሌላ ሰው መቅኔ ካላገኘች ተስፋዋ የመነመነ ነበር። የወንድሟም ተመርምሮ አልገጠመም።

ዩዲን የዓሣ ቂጣ ጠብሳ ልትጠይቃት ሆስፒታል ሄደች። ጃኔል ከአልጋዋ ቀና ብላ፣ "እትዬ፣ ወገቤ ቀንሷል፤ ቀሚሴን ያጥብቡልኝ" አለች። ዩዲን ሳቋም እንባዋም እኩል መጣባት።

አጠገባቸው ሱኒታ የምትባል፣ ለጋሾችን የምትመዘግብ ወጣት ቆማ ነበር። መቅኔ አብዛኛውን ጊዜ የሚገጥመው የዘር ሐረጉ ከሚቀራረብ ሰው እንደሆነ፣ ለመመዝገብም ጉንጭን ከውስጥ በጥጥ ማሸት ብቻ እንደሚበቃ አስረዳቻቸው። "ችግሩ መዝገቡ ላይ የእናንተ ሰዎች ጥቂት ናቸው" አለች።

"እኛ? ጥቂት?" ዩዲን ከወንበሯ ተነሳች። "እኛ ጥቂት ሆነን አናውቅም! ለቀብር እንኳ ስንወጣ አዳራሽ አይበቃንም! በይ፣ ከእኔ ጀምሪ" ብላ አፏን ከፈተች።

"ዕድሜዎ ስንት ነው?"

"አርባ።"

"እትዬ!" አለች ጃኔል፣ ትራሱን አቅፋ በሳቅ እየተንፈራፈረች። "እኔ ስወለድም እኮ አርባ ነበሩ!"

ሱኒታ ሳቋን ዋጥ አድርጋ የሚፈለጉት ወጣቶች መሆናቸውን ነገረቻት። ዩዲን ኩርፍ ብላ አውቶቡስ ተሳፈረች። ግማሽ መንገድ ላይ ግን ብቻዋን ትስቅ ጀመር። የከተማው ወጣት ሁሉ በእነዚህ ሳምንታት ልኬት ሊወሰድለት እጁን ዘርግቶ የሚቆመው የት ሆነና ነው?

በሳምንቱ መጨረሻ ሱኒታ ጫፋቸው ላይ ጥጥ ያለባቸው ቀጫጭን እንጨቶች በካርቶን ይዛ መጣች፤ የልብስ መተኮሻው ጠረጴዛ ተለቀቀላት። በሩ ላይ ዩዲን በትልልቅ ፊደል "ላባ የፈለገ አፉን ይክፈት" ብላ ለጥፋ ነበር።

ሱኒታ አንብባው ፊቷ ተለወጠ። "እንዲህማ አይሆንም። በግድ የተመዘገበ ሰው ኋላ ሲደወልለት እምቢ ይላል። ያኔ 'ለጋሽ ተገኘልህ' የተባለው በሽተኛ ምን ይሁን?"

ዩዲን ወረቀቱን ገንጥላ፣ "ላባው ለሁሉም ነው" አለች። "ግን ላባ እየሰፋሁ ዝም በይ ብለሽ እንዳትለምኚኝ።"

ማንም አልለመናት። በአፏ መርፌ ነክሳ ስለ ጃኔል ታወራለች፤ ልብሱ ላይ የተሰካው መርፌ ስላለ ደግሞ አድማጩ ንቅንቅ ማለት አይችልም። ጨርሳ ስትለቃቸው አብዛኞቹ ራሳቸው ወደ ሱኒታ ጠረጴዛ ይሄዳሉ፤ ጥጡን ጉንጫቸው ውስጥ እያሹ እርስ በርስ ይሳሳቃሉ።

ኦርቪል ከማድ ቤት በር ላይ፣ ሳህኑን እንደያዘ፣ "ልጆች፣ ተጠንቀቁ!" አለ። "መቅኔ የወጣለት አጥንት ባዶ ቱቦ ነው። ነፋስ ሲነፍስ እያፏጫችሁ ልትሄዱ ነው!"

"ሰውነት መልሶ ይተካዋል፣ ጋሼ" አለች ሱኒታ። "ብዙ ጊዜ ደግሞ አጥንት አይነካም፤ እንደ ደም ከክንድ ነው የሚወሰደው።"

"ሰማህ? ዓሣህን ብላ!" አለችው ዩዲን።

የወንድሟ ልጅ ኬማር ብቻ አስቸገረ። ሕንፃ ላይ የብረት መወጣጫ የሚያቆም፣ ትከሻው በር የሚሞላ ጎረምሳ ነው፤ መርፌ ካየ ግን ይወድቃል።

"አክስቴ፣ ከፈለግሽ ጣሪያሽን እጠግንልሻለሁ። ይሄን ተይኝ።"

"ጥጥ እኮ ነው፣ አንተ ዝሆን! ጥጥ ፈርተህ ነው?"

"ዛሬ ጥጥ ነው። ነገስ?"

"ነገማ እውነትህን ነው፤ መርፌ ሊመጣ ይችላል። አልዋሽህም።"

ኬማር ጭንቅላቱን አከከ። ጃኔል ከልጅነቱ ጀምሮ አብራው የጨፈረች ናት። ጥጡን ተቀብሎ ዓይኑን ጨፍኖ አሸ።

ካርኒቫሉ ሲደርስ ጃኔል ጭፈራውን ከሆስፒታል በስልክ ተከታተለች። በመጸው ለጋሽ ተገኘላት። ከነሱ ሰፈር አይደለም፤ ማን እንደሆነም አልተነገራትም። ዩዲን በሰማች ዕለት መንገድ ላይ ያገኘችውን ሁሉ፣ ትራፊክ ተቆጣጣሪውን ሳይቀር፣ አቀፈች፤ ጃኔልም የለጋሹን መቅኔ ተቀበለች።

ከዚያ የኬማር ስልክ ጮኸ። እሱ የገጠመው ለማያውቀው ሰው ነው፤ ወንድ መሆኑንና መታመሙን ብቻ ነገሩት። መወጣጫው አናት ላይ ቆሞ ነበርና ብረት ጨበጠ። "ይሄ ሰውዬም አክስት ይኖረው ይሆናል" ሲል አሰበ። እሺ አለ።

ከልገሳው በፊት፣ የመቅኔው ሕዋስ ወደ ደሙ እንዲወጣ፣ ነርስ ዩዲን ቤት ድረስ እየመጣች መርፌ ትወጋው ነበር። በመጀመሪያው ቀን መርፌው ሳይነካው በቁሙ ተንዶ ለመጪው ዓመት የተዘጋጀ ክንፍ ላይ ዘጭ አለ። ቢጫ ላባ ሳሎኑን ሞላው። ነርሷ ከፀጉሯ ላይ ላባ እየለቀመች መሬት ላይ እንደተኛ ወጋችው። በቀጣዮቹ ቀናት አጥንቱን እንደ ጉንፋን ቆረጣጠመው፤ ተነጫነጨ፣ ግን አልተወም።

ለልገሳው ለንደን ሲሄድ ዩዲን አብራው ሄደች። በሁለቱም ክንዱ ቱቦ ገብቶለት፣ ደሙ ወደ ማሽን እየሄደ እየተመለሰ ሰዓታት ተቀመጠ።

"አክስቴ፣ አፍንጫዬ!"

"ግራው ነው ቀኙ?"

"መሀሉ! ፍጠኚ!"

አከከችለት፣ የዓሣ ቂጣ አጎረሰችው፣ ከዚያ መዝፈን ጀመረች። ነርሷ ድምፅዋን እንድትቀንስ ስትጠይቃት በሹክሹክታ ቀጠለች፤ የዩዲን ሹክሹክታ ግን ኮሪደሩ ድረስ ይሰማል። መጨረሻ ላይ ትንሽ ቀላ ያለ ከረጢት አሳዩአቸው።

"ይቺው ናት?" አለ ኬማር። "ለዚች ነው ክንፍ የሰበርኩት?"

ከፈረንጆች አዲስ ዓመት በኋላ ሰውዬው ተሽሎት ከሆስፒታል መውጣቱን ለኬማር ደውለው ነገሩት። እሱም ወዲያው ለዩዲን ደወለ። ከገበያ እየተመለሰች አውቶቡስ ላይ ነበረች።

"ወጥቷል!" ብላ ብድግ አለች። "ሰዎች! ሰውዬው ከሆስፒታል ወጥቷል!"

ተሳፋሪው ሁሉ ዞረ። አጠገቧ የተቀመጡ አሮጊት እንግሊዛዊት፣ "ዘመድሽ ነው፣ የኔ ልጅ?" አሏት።

"አላውቀውም!" አለች ዩዲን፣ አሮጊቷን ግራ ቀኝ እየሳመች። "ስሙን እንኳ አላውቅም!"

ከኋላ አንዱ አጨበጨበ፣ ሌሎቹም ተከተሉት፤ ሾፌሩ ምን እንደሆነ ሳይገባው ጥሩምባውን ነፋ። ዩዲን መውረጃዋን ማለፏን ያወቀችው መጨረሻው ፌርማታ ላይ ነው። የድንች ከረጢቷን አንጠልጥላ፣ በካፊያው ውስጥ እየሳቀች በእግሯ ተመለሰች።