አየርም ንብረት አለው?

ፀጉር ሠሪዋ በየጠዋቱ የደንበኛ ወንበሯን ከመስታወቱ ፊት አንስታ ወደ መስኮቱ ትወስዳለች። መልኳን የምታይ ሴት ጆሮ የላትም ባይ ናት። የመጀመሪያውን ጉንጉን ስትይዝ ወሬዋንም ትጀምራለች፤ ግማሽ ጭንቅላቷ የተጎነጎነ ሴት ተነስታ እንደማትሄድ ታውቃለች። የዚህ ሳምንት ወሬዋ ቅዳሜ በብዙ አገሮች በአንድ ቀን የሚደረገው የአየር ንብረት ሰልፍ ነው።

«አየርም ንብረት አለው እንዴ?» አለች ዛሬ አንዲት ጠና ያለች ደንበኛ። ተራ የሚጠብቁት ሳቁ።

«አለው እንጂ፣ እትዬ። ዘራፊም አለው።»

«ታዲያ ለፖሊስ አትነግሪም?»

«ለእርስዎ እየነገርኩ አይደል? ቀና አይበሉ፣ ይጣመምብኛል።»

ፀጉር ሠሪዋ በበጋም ሳይቀር ከቀሚሷ በታች የጎማ ቦት ታደርጋለች። ለምን ሲሏት «እግሬን ይበርደኛል» ትላለች። ወንዙ ሞልቶ ቤቷን የወሰደባት ሌሊት ያደረገችው ቦት መሆኑን ለእኛ ለደንበኞች የነገረችን ፀጉር አጣቢዋ ናት፤ ባለቦቷ ራሷ ስለዚያ ሌሊት አታወራም።

አሠሪዋ ከጓዳ ብቅ አለች። «ስሚ፣ ቅዳሜ ሙሽሮች አሉብን። ከቀረሽ ሰኞም ለመምጣት እንዳትደክሚ።»

«ሰምቻለሁ» አለች ፀጉር ሠሪዋ። እሺ ግን አላለችም።

ጠና ያለችው ደንበኛ አንገቷን ሳታዞር ጠየቀች፦ «ሰልፉ በስንት ሰዓት ነው ያልሽኝ?»

«በሦስት ሰዓት፣ እትዬ።»

ቅዳሜ ፀጉር ሠሪዋ ሰልፉ ላይ ስትሆን፣ በእሷ ቦታ የአሠሪዋ እህት ትገባለች።