በለቅሶ ድንኳን የመረጥነው ሰፈር

የሰፈሩን ስም አልጽፍም። ጎንደር ውስጥ ነው፤ ከማራኪ በአንድ ሚኒባስ ይደረሳል፤ ከዚህ በላይ ማወቅ ለማንም አይጠቅምም። ልጆቼ የሚያድሩበትን ቤት አቅጣጫ ወረቀት ላይ የማሰፍር ሰው አይደለሁም። ሚስቴ «አንተ እኮ ጥላህንም መታወቂያ ትጠይቀዋለህ» ትለኛለች። እውነቷን ነው። ጥላዬም ቢሆን ከኋላዬ መከተሉ ደስ አይለኝም።

ድሮ የምንኖረው ኮላ ድባ ነበር። እኔ አስተማሪ ነኝ፤ ሚስቴ የላቦራቶሪ ባለሙያ ናት። ጎንደር፣ ማራኪ ላይ ሥራ ማግኘቷን የነገረችኝ ዕለት ደስ ብሎን እራት በላን፤ መሶቡ ሳይነሳ ግን እኔ መጠርጠር ጀመርኩ። የት ልንኖር ነው? ጠዋት በምን ትሄዳለች? ሥራ አምሽቶባት ስትወጣ ባጃጁ ሁሉ ገብቶ ብታጣስ? ይህ ሁሉ ግን ከትልቋ ልጃችን ነገር አይበልጥብኝም ነበር። አምስት ዓመቷ ነው፤ ጊዜው ደግሞ ልጅ ከደጃፍ የሚወሰድበት ጊዜ ነው። እኛ ሰፈር አንዲት ሕፃን ከረሜላ ለሰጣት ሰውዬ የአባቷን ሥራና የቤቷን በር ነግራው፣ ብዙም ሳይቆይ ተወሰደች፤ ለወላጆቿም ከማያውቁት ቁጥር ስልክ ይደወልላቸው ጀመር። ልጅቷ በደኅና ተመልሳለች። እናቷ ግን እስከ ዛሬ ስልክ ሲጮህ ከመቀመጫዋ ትዘላለች።

ከዚያ ወዲህ ለልጄ ትምህርት አወጣሁላት። ማነሽ፣ አባትሽ ምን ይሠራል፣ የት ነው ቤታችሁ፣ ከማን ጋር መጣሽ ብሎ ለሚጠይቃት ሁሉ መልሷ አንድ ነው፤ «አላውቅም»። የሚበላ ነገር የሰጣት ሰው ካለ ደግሞ፣ አፏ ሳታስገባ ለእኔ ወይም ለእናቷ አሳይታ «ልብላው?» ማለት አለባት። አባቴ የቆሎ ተማሪ ሲያስጠኑ የኖሩ መሪጌታ ነበሩ፤ እሳቸው ተማሪ በሚያስጠኑበት አያያዝ አስጠናኋት። የራሴንም ነገር አጠበቅሁ፤ የልጆቼን ፎቶ በሙሉ ከስልኬ አጠፋሁ። ስልኬ ነገ በማን እጅ እንደሚወድቅ በምን አውቃለሁ?

ሚስቴ ሥራ ስትጀምር ትንሹን ኮላ ድባ አያቱ ዘንድ ትተን፣ እኛ ከትልቋ ጋር አዘዞ አንዲት ፔንሲዮን አረፍን። የእኔ ዝውውር ገና ስላልተፈቀደ ቤት መፈለጉ የእኔ ፈንታ ሆነ። ሚስቴ ጠዋት ወደ ሥራዋ፣ እኔ ልጄን ይዤ ወደ ደላላ።

ደላላው መጀመሪያ የወሰደኝ እዚያው ማራኪ ነው። ሚስቴ በእግሯ ደርሳ ትመለሳለች፤ በዚህ በኩል የሚወጣለት እንከን የለም። ግቢው ውስጥ ክፍሎች በተርታ ተደርድረዋል፤ ተማሪ አለ፣ ሠራተኛ አለ፣ ምን እንደሚሠራ የማይታወቅ ሰው አለ። ልብስ የሚያሰጣ አንድ ጎልማሳ «ከጎንህ ማን ነው የሚኖረው?» ብለው «እኔ እንጃ፣ ሰው ያለ መሰለኝ» አለኝ። ባለቤቱ ሌላ አገር ነው ያለው። በአንድ ግድግዳ ማዶ ለማዶ እየተኙ «ሰው ያለ መሰለኝ» የሚባባሉበት ግቢ ልጄ ብትጮህ ማን ይሰማታል ብዬ ወጣሁ።

ሁለተኛው ከከተማው ዳር ወጣ ያለ ነበር። ደላላው በመንገዱ ሁሉ «ጸጥ ያለ ሰፈር ነው፣ ጸጥ ያለ» ሲለኝ ሄደ። አባባሉን አልወደድኩትም። ሰው ሲፈራም ሰፈር ጸጥ ይላል። ባለቤቱ ማን ናችሁ፣ ከየት ናችሁ ሳይል ቁልፉን እጄ ላይ አስቀመጠው። ከቆርቆሮ በሩ ላይ አንዲት ክብ ቦታ ብቻ አዲስ ቀለም ተቀብታለች። «ይቺ ምን ሆና ነው?» አልኩት። «ዝገት ነው» አለኝ። እኔ ዝገት እንደዚያ ክብ ሆኖ ቆርቆሮ ሲበላ አይቼ አላውቅም፤ እንደዚያ የሚበሳው ጥይት ነው። ጠርጥር፣ ከገንፎም ውስጥ ይገኛል ስንጥር ነውና ቁልፉን መለስኩለት። ደላላው ከዚያ ቀን በኋላ ስልኬን አያነሳም።

ሦስተኛውን ራሴ አገኘሁት። ከአንድ አሮጌ ደብር ጀርባ ያለ ሰፈር ነው። አስፋልቱ ቅርብ ነው፤ ወደ ማራኪ የሚሄደው ሚኒባስ ከዚያው ይነሳል። ደግ ደጉን ብቻ ስላየሁበት ይበልጥ ጠረጠርኩት። አንድ ቀን ሚኒባሱ ምን ያህል እንደሚያስጠብቅ ለማየት ሰዓቴን እያየሁ ቆምኩ። ሌላ ቀን ከሕፃናቱ ትምህርት ቤት እስከ አስፋልቱ እየተመላለስኩ የትኛው ጥግ ሰው እንደማይታይበት አጠናሁ። ሱቅ ገብቼ ሳሙና ገዛሁና «እዚህ ሰፈር የግቢ በር መቼ ነው የሚዘጋው?» አልኩ። ባለሱቁ መልሴን ሰጥቶኝ ጥያቄዬን ሳይመልስልኝ ቀረ። ሰፈሩ ደግ ይሁን ክፉ ገና አላወቅሁም፤ የባለሱቁ ዝም ማለት ግን አልተዋጠልኝም።

አባቴ «የአገር ሰው በሠርጉ አይታወቅም፣ በልቅሶው ነው» ይሉ ነበር። ሠርግ ላይ ሰው ሁሉ ሸጋ ነው። ልቅሶ ላይ ግን ማን ቀድሞ እንደመጣ፣ ማን ድንኳን እንደተሸከመ፣ ማን ከማን ተኳርፎ ጀርባ እንደሰጠ ቁጭ ብሎ ማየት ይቻላል። ደግሞም ልቅሶ ቤት ተጠርቶ አይገባም፤ ማንም ገብቶ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ብሎ ይቀመጣል። አንድ ከሰዓት በኋላ በዚያ ሰፈር ሳልፍ ድንኳን ተተክሎ አየሁና ይሄው፣ ዛሬ ጓዳችሁን አያለሁ ብዬ ገባሁ። ልጄን በእጄ ይዣታለሁ። ልጅ የያዘን ወንድ ማን ይጠረጥራል?

አግዳሚው ላይ ተቀምጬ ዓይኔን ማንከራተት ስጀምር፣ የእድሩ ዳኛ እንደሆኑ በኋላ ያወቅኋቸው ሽማግሌ መጥተው ከጎኔ ተቀመጡ።

«ምነው የኔ ጌታ፣ ከሟች ጋር ምንና ምን ናችሁ?»

ይህን ጥያቄ አላሰብኩትም። ሰውን ሁሉ ስጠይቅ የከረምኩ ሰው ለራሴ መልስ ሳላዘጋጅ ነው የገባሁት። «አብረን ሠርተናል፣ አያ» አልኳቸው።

«ኧረግ! ከእማሆይ ጋር? እማሆይ ዓይናቸው ከጠፋ ጀምሮ ከዚህ ግቢ አልወጡም። ምን ነበር የምትሠሩ፣ ዳዊት ስትደግሙ ነበር?»

አጠገባችን ያሉት ወሬያቸውን አቆሙ። አንድ ደንዳና ጎልማሳ ተነስቶ ከድንኳኑ መውጫ ቆመ። ሽማግሌው ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም።

«ማክሰኞ ታክሲው ዘንድ ቆመህ ሰዓት ስታይ ውለሃል። ከዚያ በፊት ከሕፃናቱ ትምህርት ቤት እስከ አስፋልቱ ስትመላለስ ነበር። ሱቅ ገብተህ በር መቼ ይዘጋል ብለሃል። ሐሰት ነው?»

«አይደለም።»

«ታዲያ ምን ፈልገህ ነው?»

«የምከራየው ቤት ነው የምፈልግ።»

«ቤት የሚፈልግ ሰው ደላላ ይዞ ይመጣል እንጂ ልቅሶ ቤት ይገባል?»

የጠየቅኋቸው ጥያቄዎች በሰው አፍ ሲመለሱልኝ ያን ጊዜ ሰማኋቸው። ልጁን ለመጠበቅ የሚጠይቅ አባትና ልጅ ለመውሰድ የሚያጠና ሌባ የሚጠይቁት አንድ ነው። መታወቂያዬን አወጣሁ፤ ጎልማሳው አገላብጦ አየና «መታወቂያማ ማን ያጣል» አለ። ለሚስቴ ደወልኩ፤ ሥራ ላይ ስትሆን ስልኳን ትዘጋለች። አማቴ ዘንድ ልደውል ስል ሽማግሌው እጃቸውን አነሱ። «በስልክማ ማንም ‹አዎ፣ አውቀዋለሁ› ይላል» አሉኝ። እኔም በእሳቸው ቦታ ብሆን የምለው ይህንኑ ነበር።

ከዚያ ጎልማሳው ቁልቁል ወደ ልጄ አየ።

«ሚሚዬ፣ ይህ ሰውዬ ምንሽ ነው?»

ልጄ ቀና ብላ አየችኝ። ዓይኖቿ ውስጥ ያስጠናኋትን ትምህርት ስታስታውስ አየኋት።

«አላውቅም» አለች።

«ከማን ጋር መጣሽ?»

«አላውቅም።»

«ቤታችሁ የት ነው?»

«አላውቅም።» ጥርት አድርጋ ነው የመለሰችው፤ ቤት ስትመልስልኝ እንደምሸልማት ዓይነት ፈገግታ ጠብቃ እኔን ታያለች።

ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ተነሳ። ጎልማሳው ክንዴን ያዘኝ፤ ሌላው ኮሌታዬን። «አባቷ ነኝ!» አልኩ። «ፎቶዋን አሳየና!» አለ አንዱ። ፎቶ የለኝም። እንዳይወስዷት ብዬ በጣቴ አንድ በአንድ ያጠፋሁት ፎቶ ነው። ብትር ያነሳ ሰው አየሁ፤ ከብትሩ ይልቅ ግን ልጄን ከእኔ እያራቁ መውሰዳቸው አስፈራኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም።

የወሰዷት የሟቿ ታናሽ እህት ናቸው፤ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው የለበሱ ባልቴት። «ሕፃን ፊት ሰው አይመታም፣ ቆዩ» አሉና ልጄን ሴቶቹ ባሉበት ጥግ አስቀመጧት። ለለቅሶው ከተቀቀለው ንፍሮ ዘግነው በሁለት እጇ ሰጧት። «ብይ የኔ ዓለም፣ አይዞሽ» ሲሏት ሰማሁ።

ልጄ ንፍሮውን አየችው። ባልቴቲቱን አየቻቸው። ከዚያ ተነሳች። ሁለት እጇን ገጥማ፣ እንዳይፈስባት እየተጠነቀቀች፣ በያዙኝ ሰዎች እግር መሀል ሾልካ መጣችና እጇን ወደ እኔ ዘረጋች።

«ልብላው?» አለችኝ።

ክንዴን የያዘኝ እጅ ላላ። እኔም እንደ ልማዴ በጣቴ ስንዴውንና ሽምብራውን በተን አድርጌ አየሁና «ብይ» አልኳት። እዚያው እግሬ ሥር ተቀምጣ መብላት ጀመረች።

«ልቀቁት!» አሉ ባልቴቲቱ። «አባቷ ነው። እኔ ስሰጣት እንደ መርዝ ነው ያየችኝ።»

ሴቶቹ መጀመሪያ ሳቁ፤ ለቅሶ ቤት መሆኑን አስታውሰው በነጠላቸው አፋቸውን ያዙ። ሽማግሌው ግን አልሳቁም። ኮሌታዬን በእጃቸው አስተካከሉልኝና «ልጂቱን ሸጋ አድርገህ አሳድገሃታል» አሉኝ። «አንተን ግን ገና አናውቅህም። ቤት ከፈለግህ የሚያውቅህ ሰው ይዘህ ና።»

ማታ ሚስቴ «ሰፈሩ እንዴት ነው?» አለችኝ።

«ሊደበድቡኝ ነበር።»

«ታዲያ ተውነዋ።»

«እዚያ ነው የምንገባው» አልኳት። ሰዓቴን ሳይ መቆሜን እንኳ ከነቀኑ ይዘውታል። ሌላው ቦታ ቁልፍ ሲሰጡኝ ስሜን እንኳ አልጠየቁኝም። ሚስቴ ነገሩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አስወራችኝና «አላውቅም» የሚለው ላይ ስደርስ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። ከዚያ ሳቋን አቆመችና የተኛችውን ልጃችንን አቅፋ ብዙ ቆየች።

ከአባቴ ዘንድ የተማሩና አሁን ጎንደር የሚያገለግሉ አንድ ቄስ ይዤ ሄድኩ። ሽማግሌው እሳቸውንም ጠየቁ፤ ማን አስተማራችሁ፣ የት፣ መሪጌታው ስንት ልጅ ነበራቸው። ለእማሆይ አርባ እኛም ሄድን፤ ከአርባው በኋላ ባልቴቲቱ በግቢያቸው ጥግ ያሉትን ሁለት ክፍሎች አከራዩን። ትንሹንም አመጣነው። ሚስቴ ጠዋት ከአስፋልቱ ሚኒባስ ይዛ ማራኪ ትወርዳለች። የዘገየች ቀን ባለሱቁ በሩን ሳይዘጋ ይጠብቃታል፤ ለምን እንደዘገየችም ይጠይቃታል። ይህ መጠየቁ መጀመሪያ አላስደሰተኝም። ለምን ማወቅ ፈለገ? አሁንም አንዳንዴ እንዲህ እላለሁ።

የእኔም ዝውውር ተፈቅዶ ሥራ ከጀመርኩ በኋላ አንድ ቀን ወደ ቤት ስገባ፣ ልጄ ከባልቴቲቱ ደጃፍ ተቀምጣ ጉንጯ ሞልቶ አገኘኋት። አፏ ውስጥ ያለው ንፍሮ ነው። ግማሹ ገና በእጇ አለ።

«ማን ሰጠሽ?»

«እማማ።»

«ምነው ታዲያ ‹ልብላው?› ሳትዪ?»

አኝካ እስክትጨርስ ጠበቅኋት።

«አንተ አልነበርክማ» አለችኝ።

ከእጇ ጥቂት ዘግና ሰጠችኝ። ሳልመረምር በላሁት ብል ደስ ባለኝ። አንዷን ፍሬ አሸተትኳት፤ ከዚያ ከጎኗ ተቀምጬ በላሁ።